ሦስቱ ቫኪዩሞቼ እና የባጃጅ ከመነዳሪ

ሥራዬ ሞተር መጠምጠም ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የውኃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ ድሪል ወይም ግራይንደር የተቃጠለበት ሰው እኔ ዘንድ ይመጣል። ልጆቼን የማሳድገው በእሱ ነው። ማታ ማታና እሑድ ከሰዓት ግን ሌላ ሥራ አለኝ። አሮጌ ቫኪዩም፣ ማለት የምንጣፍ አቧራ የሚስብ ማሽን፣ አድሳለሁ።

ቫኪዩም ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ወለል ላይ እየተጎተተ በቱቦ የሚስበው ድብልብል ዕቃ ነው። የኔዎቹ እነዚያ አይደሉም። የኔዎቹ የቁም ናቸው። ሞተሩ ታች ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ከረጢቱ እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል። እንደ መጥረጊያ ቆመህ ትገፋዋለህ። ከሥሩ ደግሞ የሚሽከረከር ብሩሽ አለው። ዛሬ ላወራላችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ብሩሽ ነው።

የመጀመሪያዋን ያገኘኋት በ2009 ዓ.ም. ባሕር ዳር ነው። አንድ ሆቴል ዕድሳት ላይ ነበር፤ የሄድኩት የፓምፕ ሞተር ልፈታ ነው። ዕቃ ቤቱ ጥግ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ሁቨር ጁኒየር የምትባል አንዲት የቁም ቫኪዩም ቆማለች። ከረጢቷ ተቀዷል። ገመዷ ተቆርጧል። ታርጋዋን በአውራ ጣቴ ጠረግ አደረግሁት። የእንግሊዝ ሥራ፣ 240 ቮልት። ለኛ መብራት የምትሆን ናት ማለት ነው።

«ስንት ትሸጡልኛላችሁ?» አልኩት የዕቃ ቤቱን ሰው።

«ወንድምዬ፣ እሷ እኮ ቆማ የቀረች ናት። ለልጆችህ መጫወቻ ካልሆነች ምን ታደርግልሃለች?»

300 ብር ከፈልኩ። በማዳበሪያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ጫንኳት። ዳንግላ ላይ ወረድኩና ገመዱ መጥበቁን አየሁ። ቡሬ ላይም ደገምኩ። ረዳቱ «ጋሼ፣ መስተዋት ነው እንዴ?» አለኝ።

ቤት አስገብቼ መጀመሪያ የገለበጥኩት ሥሯን ነው። ብሩሹ አይታይም። በክርና በጸጉር ተጠቅልሎ ልቃቂት መስሏል። ምላጭ አምጥቼ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቅሁት። ከላይ ረጅም ጥቁር ጸጉር። ከሱ ሥር ቀይ የምንጣፍ ጭገር። ከዚያ ነጭ የነጠላ ክር፣ አረንጓዴና ወርቃማ የጥበብ ክር፣ አንድ ሁለት የቀሚስ ዶቃ። ሆቴሉ የሰርግ አዳራሽ ነበረው። የስንት ሰርግ ክር እዚያ ላይ ተጠምጥሞ ከርሟል! በንብርብሩ ውስጥ ማን ከማን ቀድሞ እንደ ጨፈረ ማየት ይቻላል። ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ አልቸኮልኩም። ክሩ በሁለቱም ጫፍ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ አንቆት ነበር። የመጨረሻውን በመርፌ ጎትቼ ሳወጣ ብሩሹን በጣቴ ነካሁት። ዞረ። ለብቻው፣ ያለ ድምፅ፣ ረጅም ጊዜ ዞረ።

ሞተሯ ደህና ነበር። ያለቀው ካርቦኑ፣ ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል መብራት የሚያቀብለው ነው። ከአሮጌ ግራይንደር ካርቦን አውጥቼ በሞረድ ልኳን አስያዝኩት። ካርቦኑ የሚቀመጥበትን መዳብ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ። ኩሽኔታዎቹን በቤንዚን አጥቤ አዲስ ግሪስ ሞላሁ። ይህ ለእኔ የዕለት ሥራ ነው፤ አላስረዝመውም።

ያስቸገረኝ ቺንጋው ነው። ብሩሹን የሚያዞረው ከሞተሩ ጫፍ የሚነሳ ጠፍጣፋ የጎማ ቀለበት ነው። አገር ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። በመጨረሻ ጎረቤቴ ያለው ጎማ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። የሳይክል ከመነዳሪ ጠበበ። የመኪና ሰፋ። የባጃጅ ከመነዳሪ ግን ልክ ሆነ! በስፋቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አድርጎ እንደ ቀለበት መቁረጥ ነው። ዋናው ነገር ቁርጡ ቀጥ ማለቱ ነው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጥርስ ካለ በሁለተኛው ቀን ከዚያ ይቀደዳል። አሁን አሮጌ ከመነዳሪ ሲኖር ልጁ አይጥልም፤ ያስቀምጥልኛል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ምናልባት አንድ ሰው ይጠቅመዋል። የሞተሩ ጫፍ ወደ ፊት ያያል፣ ብሩሹ ደግሞ አግድም ነው የተኛው። ስለዚህ ቺንጋው መሐል ላይ ተጠማዝዞ ነው የሚገባው። በየት በኩል መጠማዘዝ እንዳለበት ጭንቅላቱ ላይ በቀስት ተመልክቷል። እኔ መጀመሪያ ቀስቱን ሳላይ ገጠምኩት። ብሩሹ ወደ ኋላ ዞረ፤ ምንጣፉ ላይ የበተንኩትን ጤፍ ሁሉ ወደ ፊት እየረጨ ሳሎኑን ሞላው። አዟዙሬ ስገጥመው ያንኑ ጤፍ አንድ ሳያስቀር ለቀመው። ያው ሞተር፣ ያው ጉልበት ነው። የተለወጠው የብሩሹ አዟዟር ብቻ ነው። ስለ ብሩሽ ማሰብ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

የብሩሹ ጸጉር ራሱ አልቆ ነበር። ለዚህ መፍትሔ ያገኘሁት ኮሶበር ነው። የአገው ምድር የፈረስ አገር ነው፤ ጭራ አይጠፋም። አንድ እቅፍ የፈረስ ጭራ ገዛሁ። በትንንሹ እየቋጠርኩ በቀጭን መዳብ ሽቦ አሰርኩት፤ ድሮ ጸጉሩ ተተክሎበት በነበረው ቀዳዳ አስገብቼ ጎተትኩ። ከዚያ ሁሉንም እኩል በመቀስ ከረከምኩ። ማሲንቆ የሚዘፍነው በዚሁ ጭራ ነው። ጠንካራ ነው፣ ይታጠፋል፣ ተመልሶም ይቆማል። የናይለን ብሩሽም ሞክሬያለሁ። ለኔ ጭራው ይበልጣል።

የዚህ ማሽን ታሪክ ሁሌም ደስ ይለኛል። ጄምስ መሪ ስፓንግለር የሚባል ሰው አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ ውስጥ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበት፤ የምንጣፉ አቧራ ያፍነዋል። የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ የራሱን ማሽን ሠራ። በ1908 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አገኘ። መብቱን የገዛው ዊልያም ሁቨር የቆዳ ሰው ነው፤ የፈረስ ዕቃ ይሠራ ነበር። መኪና እየበዛ ፈረስ እየቀረ ሲሄድ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበርና ወደዚህ ዞረ። ሁቨር በ1926 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሽን ብሩሹ ላይ የብረት ዘንግ ተጨመረበት። ዘንጉ ምንጣፉን እየመታ ያራግፈዋል። ብሩሹ ይጠርጋል፤ አየሩ ይወስዳል። እናቴ አጎዛውን አጥር ላይ ሰቅላ በዱላ ትመታው አልነበር? ያው ነው። ሳትመታው አሸዋው አይለቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቫኪዩም ስንገዛ የምንጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብለን ነው። እኛ አገር፣ በተለይ ደጋ ላይ፣ ይህ ጥያቄ አይበቃም። ማሽኑ አቧራውን በገመድ አይጎትተውም። ማራገቢያው አየሩን ወደ ከረጢቱ ሲገፋ ከፊቱ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ የውጭው አየር ያንን ለመሙላት ሲሮጥ አቧራውን ይዞ ይገባል። ሥራው የሚሠራው በአየሩ ክብደት ነው። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የተለካው ጉልበት እኛ ጋ ሲደርስ ያን ያህል ጎድሎ ነው።

ይህን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ሁለት ሜትር ግልጽ ቱቦ ገዛሁ። መሐሉን አጥፌ ጣውላ ላይ ቸነከርኩትና ቀለም የገባበት ውኃ ሞላሁ። አንዱን ጫፍ ማሽኗ አፍ ላይ በላስቲክ አሽጌ ስከፍታት ውኃው በአንድ በኩል ይወጣል፣ በሌላው ይወርዳል። ልዩነቱን በሜትር እለካለሁ። እዚህ ቤቴ ውስጥ ጁኒየሯ 49 ሴንቲ ሜትር ሰጠችኝ። ባሕር ዳር ለሥራ ስሄድ ይዣት ሄድኩና እህቴ ቤት ለካሁ። 52። ባሕር ዳር ከኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። መብራቱ እንዳያሳስተኝ በሁለቱም ቦታ ቮልቴጁን በቴስተር አይቻለሁ፤ ተቀራራቢ ነበር። ሦስት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ናት። እኔ ግን ያቺን ሦስት ሴንቲ ሜትር ሳይ አየሩን በእጄ የጨበጥኩት ያህል ነው ደስ ያለኝ።

አየሩ ሲሳሳ መምጠጡ ይደክማል። ብሩሹ ግን ያው ነው። አሰብ ላይም ጮቄ ላይም እኩል ይመታል። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ ሰው ከዋቱ በፊት ብሩሹን ይይ እላለሁ።

ሁለተኛዋ ማሽኔ ኪርቢ የምትባል ናት። አሜሪካ የነበረ ዘመዳችን ዕቃውን ሲልክ አብራ መጣች። ቤተሰቡ በቀጥታ 220 ላይ ሰካት፤ እሷ የ120 ቮልት ናት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጭስ ሆነች። ስታመጣልኝ አክስቴ «ልጄ፣ ምኑም አይተርፍ፣ ቆርቆሮውን ብቻ ሽጠው» አለችኝ። ቆርቆሮ አይደለም እኮ! አካሏ ሁሉ አሉሚኒየም ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የተቃጠለውን ሽቦ እየቆጠርኩ ፈታሁ። ለ220 እንድትሆን ዙሩን በእጥፍ ገደማ ጨመርኩ፤ ሽቦውንም ቀጠን ያለ፣ የቁርጡ ፊት ስፋት የድሮው ግማሽ ያህል የሆነ መረጥኩ። ቦታው ውስጥ እንዲገባ እያንዳንዷን ዙር በቀርከሃ ስንጣሪ መጫን ነበረብኝ። ቫርኒሽ ቀብቼ በምጣድ ሙቀት አደረቅሁት። ባለቤቴ ለዚህ ብቻ የሚሆን አሮጌ ምጣድ ሰጠችኝ። ዛሬ ኪርቢዋ ያለ ትራንስፎርመር ትሠራለች። ከሠራኋቸው ሞተሮች ሁሉ የምኮራባት እሷ ናት።

ሦስተኛዋ ከአረብ አገር የተመለሰች ጎረቤታችን ያመጣቻት ናት። ፕላስቲክ፣ ያለ ከረጢት፣ አየሩን እያሽከረከረ አቧራውን የሚለይ ዓይነት። ዋቷ ከሁለቱም ይበልጣል። ብሩሽ ግን የላትም፤ አፏ ጠፍጣፋ ነው።

ከጨሞጋ ወንዝ አሸዋ አመጣሁ። አድርቄ በወንፊት ነፋሁት። 100 ግራም መዝኜ ሳሎን ምንጣፍ ላይ በተንኩና በእግሬ አሸሁት፤ ሰው እንደሚረግጠው ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዷን ማሽን ስምንት ጊዜ ብቻ አመላለስኩ፤ የያዘችውን መዘንኩ። ኪርቢ 86 ግራም። ጁኒየሯ 81። ባለ ብዙ ዋቷ 47። ሦስት እሑድ ደጋገምኩት። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም። ለሲሚንቶ ወለልና ለሴራሚክ ግን ሦስተኛዋን ነው የማነሳት። ለዚያ ጎበዝ ናት፣ ቀላልም ናት።

ከረጢቱን በተመለከተ፣ ልብስ ሰፊው ጓደኛዬ መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፋልኝ። በመስኮት የገባችው ፀሐይ ላይ ሳየው ደቃቁ አቧራ እንደ ጭጋግ ይወጣል። በካኪ አሰፋሁት፤ እሱ ደግሞ አየሩን ያዘ፤ ማሽኗ ታፍና ጮኸች። አሁን ከውጭ ካኪ ሳሳ ያለ፣ ከውስጥ አቡጀዲ አድርገናል። በየሁለት ጊዜው ገልብጦ ማራገፍ ግድ ነው።

ባለፈው ዓመት ሰበካችን ቤተ ክርስቲያን ይዣቸው ሄድኩ። ምንጣፉ በየቀኑ በመጥረጊያ ይጠረጋል፤ ሲታይ ንጹሕ ነው። አባ ትንሽ ተጨነቁ።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ምንጣፉን አትበላውም?»

«አባቴ፣ የሚበላው ሥሩ የተኛው አሸዋ ነው። ሰው በረገጠው ቁጥር ክሩን ይቆርጠዋል» አልኳቸው።

አንድ ጥግ ብቻ ጠርጌ ከረጢቱን ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩላቸው። ግራጫ አሸዋ፣ የዕጣን ብናኝ፣ የነጠላ ክር፣ የጧፍ ፍርፋሪ። አባ ጎንበስ ብለው በሁለት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው አሹት። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ይኼ ሁሉ ከዚህች?» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ገመዱን እየያዙልኝ ሙሉውን ጨረስን። የቀለጠውን ጧፍ ማሽን አያወጣውም፤ ለእሱ ወረቀት ደርቦ በካውያ መተኮስ ነው።

እዚያው አንድ ጉዳት ደረሰብኝ። ምንጣፉ ውስጥ የተቀበረ የአንድ ብር ሳንቲም ጁኒየሯ ውስጥ ገባ። በእነዚህ የድሮ ማሽኖች ቆሻሻው ወደ ከረጢቱ የሚያልፈው በማራገቢያው መሐል ነው። «ቋ!» ሲል ልቤ ቀጥ አለ። ከማራገቢያው አንዱ ክንፍ ጫፉ ተሰብሯል። ስከፍታት እጄ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ትርፍ ማራገቢያ ስለሌለ ከተሰበረው ፊት ለፊት ያለውን ክንፍ በሞረድ ትንሽ ትንሽ እየፋቅሁ አመጣጠንኩት። በሁለት ስለት መሐል አስቀምጬ ወደየትኛው እንደሚወድቅ እያየሁ ነው። ሁለት ማታ ወሰደ። አሁን መንቀጥቀጡ ጠፍቷል፤ ውኃው ላይ ስለካት ግን 46 ናት።

ስለዚህ ማራገቢያ እየፈለግሁ ነው። ሆቴል ዕቃ ቤት፣ የድሮ መሥሪያ ቤት ጓዳ፣ የዘመድ ቤት አልጋ ሥር ቆማ የቀረች ሁቨር ጁኒየር ያያችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ለቆርቆሮ ገዢ አትስጡብኝ። ሞተሯ ቢቃጠልም ግድ የለም።

ለሚያዝያ 30 የማርቆስ በዓል አባ ጁኒየሯንና ኪርቢዋን ሁለቱንም ይዘህ ና ብለውኛል። ከዚያ በፊት ሳንቲም የሚለቅሙ ሁለት ልጆች ማዘጋጀት አለብኝ፤ አራት ቀለበት ከመነዳሪም መቁረጥ አለብኝ።