ሯጭ እግሬን በረዶ ላይ እንዴት አስለመድኩት

ሩጫ የለመደ እግር በረዶ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ሩጫው ራሱ ነው። ይህን የምለው ከራሴ ተነስቼ ነው። የፍጥነት ስኬቲንግ (ከሥሩ ስለታም ብረት ባለው ጫማ በረዶ ላይ መሽቀዳደም) የጀመርኩት ካናዳ፣ ካልጋሪ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ያውም ሠላሳን ካለፍኩ ወዲህ። ግቤ አንድ ነበር። 500 ሜትርን ከአንድ ደቂቃ በታች መጨረስ።

ግቡ ትንሽ መሆኑ እንዲገባችሁ፦ አሜሪካዊቷ ኤሪን ጃክሰን በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) በቤጂንግ የክረምት ኦሎምፒክ በዚሁ ርቀት ወርቅ ያጠለቀችው በ37.04 ሰከንድ ነው። በአማካይ በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፤ ከቆመችበት ተነስታ!

ኤሪንን ያነሳኋት ያለ ምክንያት አይደለም። ያደገችው ፍሎሪዳ፣ ኦካላ በምትባል ሞቃት ከተማ ነው። የተካነችው ከሥሩ ጎማዎች በሚሽከረከሩበት ጫማ ነበር። ለ2018ቱ የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ስታልፍ በረዶውን በቁም ነገር ከያዘችው ገና ጥቂት ወራት ነበር፤ 24ኛ ወጣች። ከአራት ዓመት በኋላ በክረምት ኦሎምፒክ በግል ውድድር ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችውን ጃፓናዊት ሚሆ ታካጊን የበለጠቻት በ8 መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያ ፍጥነት ሲሰላ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቤጂንግ መድረሷም ለጥቂት ነው። በአሜሪካ ማጣሪያ አዳልጧት ሦስተኛ ስትሆን የቡድን ጓደኛዋ ብሪትኒ ቦው ቦታዋን ለቀቀችላት። በኋላ ለቦውም ሌላ ቦታ ተገኘላትና ሁለቱም ተወዳደሩ። እሰይ ነው ያልኩት።

በጎማ ያደገች ልጅ እዚህ ከደረሰች እኔም ልሞክረው አልኩ። ቦታው ደግሞ አጠገቤ ነበር። ካልጋሪ ለ1988ቱ ኦሎምፒክ የሠራችው ባለ ጣሪያ የበረዶ ሜዳ ዛሬም አለ። በዚያ ዓመት አሜሪካዊቷ ቦኒ ብሌር 500 ሜትሩን በ39.10 አሸነፈች፤ የምሥራቅ ጀርመኗ ክሪስታ ሮተንቡርገር በ39.12 ተከተለቻት። ክሪስታ እዚያው 1000 ሜትሩን ወሰደች፤ በዚያው ዓመት በሶል የበጋ ኦሎምፒክ በብስክሌት ብር አገኘች። የሰው ጭን ነው? እያልኩ አስባለሁ።

እናቴ ግን በስልክ ስነግራት አልተዋጠላትም። «በረዶ ላይ ምን ያስሮጥሻል፣ ልጄ? እግርሽን ብትሰብሪስ?»

አልሮጥም እማዬ፣ አልኳት። እውነቴን ነው። ስንሮጥ መሬቱን የምንገፋው ወደ ኋላ ነው። የስኬቲንግ ብረት ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ በረዶውን የሚነክሰው ወደ ጎን ሲገፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ኃይሉ በሙሉ ወደ ጎን መሄድ አለበት። ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ በቂ ነው። እግር እሺ እንዲል ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ሌላው ቁመት ነው። ጉልበት በጣም ታጥፎ፣ ወገብ ዝቅ ብሎ፣ ቡና ለማፍላት በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ሰው መሆን አለባችሁ፤ በርጩማው ግን የለም። ዝቅ ስትሉ እግር ወደ ጎን የሚዘረጋበት ርቀት ይረዝማል፣ ነፋሱም ይቀንስላችኋል። ጭን ሲቃጠል ሰውነት ሳያስፈቅድ ቀና ይላል፤ ፍጥነቱም ያኔ ይሄዳል።

አብዛኛውን የተማርኩት ቤት ውስጥ ነው። የሚያንሸራትት የፕላስቲክ ሰሌዳ ሳሎን አንጥፌ፣ በካልሲ ከዳር ዳር እመላለሳለሁ። ታች ቤት ያሉት ጎረቤቶቼ ምን እንደሚያስቡ እንጃ። ለኩርባው ደግሞ ወገቤ ላይ ጠፍር አስሬ፣ ጓደኛዬ ከጎን ስትይዘኝ ወደ ግራ ተጋድሜ ቀኝ እግሬን በግራው ላይ እያሻገርኩ እራመዳለሁ። መዞሩ ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለሆነ ሌላ አቅጣጫ መለማመድ አያስፈልግም።

ጫማው ያገለገለ ነው። ተረከዙ ከብረቱ የሚላቀቅ ዓይነት ነው፤ ክላፕ ይሉታል፣ ሲመለስ ቋ ስለሚል። ተረከዝ ሲነሳ ብረቱ በረዶው ላይ ትንሽ ይቆያል፤ ግፊቱ ይረዝማል። በ1998 ናጋኖ ኦሎምፒክ ላይ ሪከርድ እንደ ጉድ የተሰበረው በዚህ ጫማ ነው።

ስለቱን ራሴ ነው የምስለው፤ ይህን ሥራ ወድጄዋለሁ። ሁለቱን ጫማ ገልብጬ መያዣው ላይ ጎን ለጎን አስራለሁ። ድንጋዩን በሁለቱም ላይ አጋድሜ፣ ሳልጫን፣ ከጫፍ ጫፍ እመላልሳለሁ። ከጠርዙ ውጭ በዓይን የማይታይ ቀጭን የብረት ትራፊ ይወጣል። ጣቴን ከታች ወደ ላይ ሳሳልፈው ይቧጥጠኛል። በትንሿ ድንጋይ ጠርጌው ጥፍሬን በስለቱ ላይ ሳስኬድ ስስ ቅርፊት ካነሳልኝ ደርሷል። ያልተሳለ ጫማ ኩርባ ላይ ያዳልጣል፤ ሰውየው ደግሞ ጥፋቱን በጉልበቱ ያሳብባል።

ሩጫዬ የጠቀመኝ መነሻው ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች እግርን ወደ ውጭ ከፍቶ መሮጥ ናቸው። ታላላቆቹ ሴቶች የመጀመሪያውን 100 ሜትር በ10 ሰከንድ ከምናምን ያልፉታል። ከባዱ ነገር ሩጫውን መቼ እንደሚያቆሙ ማወቅ ነው። እኔ እርምጃ መቁጠር ትቼ ጆሮዬን ማመን ጀመርኩ። ጭረቱ ረዘም ሲል መንሸራተት ጀምረሻል ማለት ነው።

በውድድሩ ቀን የደረሰኝ የውጭው መስመር ነበር፤ ከውስጥ የተነሳችው አንዲት ቀልጣፋ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ ነች። ከተኩሱ በፊት መንቀሳቀስ ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ቢሳሳቱ ይታለፋል፤ ቀጥሎ የተሳሳተው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይባረራል። ሜዳው 400 ሜትር ስለሆነ ኩርባው ሁለት ነው፤ በመካከሉ ባለው ቀጥታ ላይ መስመር እንለዋወጣለን። ከውጭ የሚመጣው ቅድሚያ አለው። ልጅቷ ግን ቀድማኝ ስለነበር ፊቴ አቋርጣ አለፈች፤ ጀርባዋን እያየሁ፣ ነፋሷ ውስጥ ገብቼ ተከተልኳት። የመጨረሻው ኩርባ ለእኔ የውስጡ ነበር። ሙሉ ፍጥነት ላይ ሆኖ ጠባቡን መዞር ያስፈራል። ብዙ የአጭር ርቀት ተወዳዳሪዎች በዚህ ምክንያት በውጭው መጨረስ ይመርጣሉ። ከ1998 እስከ 2014 በኦሎምፒክ 500 ሜትሩ ሁለት ጊዜ ይሮጥ የነበረው መስመሩ ለሁሉም እኩል እንዲደርስ ነው። ከ2018 ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ሆኗል፤ ፍትሐዊነቱን ባልወደውም ልብ አንጠልጣይነቱን አልክድም።

58 ሰከንድ ከምናምን። ልጅቷ ቀድማኛለች፤ አልከፋኝም።

ከፍታው እንደረዳኝ አልደብቅም። እኛ ከፍታን የምናውቀው በሳንባ ነው፤ በቆጂን ያየ ያውቃል። እዚህ ጥቅሙ ሌላ ነው። አየሩ ሲሳሳ ወደ ኋላ የሚገፋችሁ ይቀንሳል፤ ለአጭር ርቀት ደግሞ ትልቁ ጠላት አየር ነው። ካልጋሪ ከ1000 ሜትር በላይ ነች። ሶልት ሌክ ሲቲ ያለው ሜዳ 1400ን ያልፋል። ኮሪያዊቷ ሊ ሳንግ ሁዋ በኅዳር 2013 እዚያ ያስመዘገበችው 36.36 ለ12 ዓመት የደፈረው አልነበረም። በኅዳር 2025 ኔዘርላንዳዊቷ ፌምኬ ኮክ እዚያው ሜዳ ላይ 36.09 ገባች።

አሁን 1000 ሜትር ይዣለሁ። ሁለት ዙር ተኩል ነው፤ 600ው ላይ ስደርስ ጭኔ መለመን ይጀምራል፣ ወገቤም ቀና ቀና ማለት ይፈልጋል።