ፋርማሲስት ነኝ፤ ለልጄ ግን ቫይታሚን አልገዛሁም

የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ፋርማሲ ነው። ልጄን አኖሬክሲያ፣ ውፍረትን ከመፍራት ራስን የማስራብ የአእምሮ ሕመም፣ እንደያዛት ሲሰማ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። "ታዲያ አንተ እያለህ ምን መድኃኒት ትሰጣታለህ?" ምንም። አኖሬክሲያን ያድናል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ የጸደቀ መድኃኒት የለም። እንዴት እንደታገልነው ልንገራችሁ። ልጄ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ኪሎዋን ግን እንዳልጽፍ ቃል አስገብታኛለች። ልክ ናት። ኪሎ የተጻፈበት ነገር ሌላ የታመመች ልጅ እጅ ከገባ መፎካከሪያ ይሆናል።

15 ዓመቷ ነበር፣ የትምህርት ቤቷ የክሮስ ካንትሪ ሯጭ። መጀመሪያ ሩጫው በዛ። ከዚያ ዓቢይ ጾም ገባ። በጾም ወቅት አለመብላት እኛ ቤት ማንንም አያስደነግጥም፣ እንዲያውም "ጎበዝ" ያስብላል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ደግሞ "ቀጠንሽ፣ አማረብሽ" የሚል አይጠፋም። ፋሲካ መጣ፤ ሁላችንም ፈታን፣ እሷ አልፈታችም።

የሕፃናት ሐኪሟ የልብ ምቷን ስትለካ፣ ልጄ ነቅታ እያለች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በደቂቃ ከ50 በታች ሆኖ ተገኘ። ቤተሰቡ "ሯጭ ስለሆነች ነው" አለ። ሐኪሟ አልተቀበለችም፤ የሯጭ ልብ ዝግ ሊል ይችላል፣ በረሃብ የደከመ ልብም እንዲሁ፣ ቀን ላይ ከ50 መውረድ ደግሞ ታዳጊዎችን ሆስፒታል ከሚያስተኙ መመዘኛዎች አንዱ ነው። በዚያው ቀን ተኛች። የደም ምርመራዋ ግን ከሞላ ጎደል ደህና ነበር። በዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰውነት ከጡንቻውም ከአጥንቱም እየቆረሰ ደሙን ያስተካክላል። ስለዚህ "ደሟ ንጹህ ነው" የሚል ወረቀት ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። ምቷና ግፊቷ ተኝታም ቆማም ይለካ፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በጣም የተራበ ሰው ያለ ክትትል በድንገት ብዙ ቢበላ ሊሞት ይችላል። ምግብ ሲገባ ኢንሱሊን ይነሳል፣ ሴሎች ፎስፌት የሚባለውን ማዕድን ከደም እየሳቡ ያስገባሉ፣ በደም ውስጥ ያለው ሲያልቅ ልብ ይታወካል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነፃ የወጡ እስረኞች ላይ ታይቷል። ለዚህ ነው ሆስፒታል ውስጥ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በየጊዜው የሚለካው፣ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚንም የሚሰጠው። እንክብል ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ።

አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ሆኜ ማንበብ የጀመርኩት ስለ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ነው፤ ሰውነት ውስጥ የሚፈጠሩ ጎጂ ነገሮች ከሚያጠፏቸው በልጠው ሚዛኑ ሲዛባ ማለት ነው። ሴል ምግብን ሲያነድድ እንደ ከሰል ፍንጣሪ ይወጣዋል፤ ሱፐርኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባሉት ማለት ነው። ይህ ጤነኛ ሰው ላይም አለ። ፍንጣሪውን የሚያጠፉት ግን ከየት ይመጣሉ? ከሳህን። ከማጥፊያዎቹ ዋነኛው ግሉታታዮን የሚሠራው ከሦስት አሚኖ አሲዶች ነው፣ እነሱም የሚገኙት ከፕሮቲን ነው። የሚያግዙት ኤንዛይሞች አንዱ ዚንክና መዳብ፣ አንዱ ማንጋኒዝ፣ አንዱ ሴሌኒየም፣ አንዱ ብረት፣ ሌላው ቫይታሚን ቢ2 ይፈልጋል። ልጅ መብላት ስታቆም ማጥፊያው ሁሉ በአንድ ላይ ይሳሳል፣ ፍንጣሪው ግን አይቆምም። በዚያ ላይ ጠዋት ማታ ሩጫ ጨምሩበት።

አኖሬክሲያ ያለባቸው ወጣቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ይህ ሚዛን መዛባቱን ያሳያሉ፤ ግን አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ስለዚህ አንድ የደም ቁጥር ይዞ "ይሄን ቫይታሚን ስጧት" የሚያስብል ደረጃ ላይ አልተደረሰም።

ጠርሙሶቹ ግን መምጣታቸው አልቀረም። አንዷ ዘመዳችን ከቨርጂኒያ ግሉታታዮን ይዛ መጣች፣ "ቆዳም ያጠራል" ብላ (ለዚያ ነው አብዛኛው ሰው የሚገዛው፣ እኔም እሸጣለሁ)። በአፍ የሚዋጥ ግሉታታዮን አብዛኛው አንጀት ውስጥ ይፈርሳል። ሌላው ቫይታሚን ኢ፣ ሌላው ሴሌኒየም። አመስግኜ ቁም ሳጥን ላይ ደረደርኩት። አንቲኦክሲዳንት፣ ፍንጣሪ አጥፊው ማለት ነው፣ በዛ ማለት ጥሩ ነው ማለት እንዳልሆነ በሙያችን የሚታወቅ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ወንድ አጫሾች ላይ የተደረገው ጥናት ሲወጣ፣ ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት የወሰዱት የሳንባ ካንሰር በዝቶባቸው ተገኘ። ይቀንሳል ተብሎ ነበር የተሰጣቸው። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ማሟያ የሚባሉትን እንክብሎች እንደ መድኃኒት ሳይፈተኑ ገበያ እንዲገቡ የፈቀደው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስፈራኝ ሌላ ነበር። አኖሬክሲያ ተከራካሪ ነው። "ቫይታሚኔን ወስጃለሁ፣ ምሳ ይቅርብኝ" የምትልበትን ቀዳዳ በገዛ እጄ ልከፍትላት አልፈለግሁም። ሐኪሟ የምታዝዘው ብቻ ይሰጣታል ተባባልን።

ቤት ስንገባ የተከተልነው ቤተሰብ ተኮር ሕክምና የሚባለውን ነው፤ በ1980ዎቹ ለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል ውስጥ የተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል፣ ሥራው ከባድ ነው። መጀመሪያ ምግቡን ሙሉ በሙሉ ወላጅ ይረከባል፤ ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚለውን እሷ አትወስንም። ኪሎዋ ሲመለስ ቀስ በቀስ ለእሷ ይመለሳል። በመጨረሻ ስለ ቀረው የጉርምስና ኑሮ ይወራል። እኔ ቁርስ፣ ባለቤቴ እራት፣ የትምህርት ቤቷ ነርስ ምሳ። አብረን እንቀመጣለን፣ እስክትጨርስ አንነሳም። ስታለቅስም፣ ስትጮህብኝም "የኔ እናት፣ አውቃለሁ ከባድ ነው፣ ጉረሺ" ከማለት ሌላ ክርክር የለም። ስለ ካሎሪ መወያየት ትርፉ ድካም ነው።

በምግቡ ላይ የእኛ ወጥ ቤት ከማንም ይበልጣል ባይ ነኝ። በትንሽ ሳህን ብዙ ጉልበት ማስገባት ነው ጉዳዩ። ጨጨብሳ በንጥር ቅቤና በማር። ገንፎ። በእንቁላል የተሠራ ፍርፍር። ሽሮው ላይ ሳይሳሱ ዘይት፣ አቮካዶ ጭማቂ በወተት፣ ማታ ለውዝ። ከላይ የቆጠርኳቸው ዚንክና ሴሌኒየም ሥጋና እንቁላል ውስጥ አሉ፤ ቢ2ውም ወተቱ ውስጥ።

ለዘመድም ሕግ አወጣን፤ እኛ ቤት የሚመጣ ሰው "ከሳሽ" አይልም፣ "ወፈርሽ"ም አይልም። አንዳንዱ ተቀየመ። ይቀየም። በጾሙ ጉዳይ የንስሐ አባታችንን ቤት ጠራናቸው፣ "ለታመመ ጾም የለበትም፣ የታዘዘልሽን ብዪ" አሏት በፊታችን። ያቺ ንግግር እኔ ከደሰኮርኩት ሁሉ ይልቅ ሠራች፣ በተለይ ፍልሰታ ሲገባ።

ብዙ ወላጅ ግራ የሚገባው ጠባዩ ነው። ልጄ ቀኑን ሙሉ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ታያለች፣ ለእኛ ኬክ ትጋግራለች፣ እሷ አትቀምስም። ትቆጣለች፣ ትዘጋለች። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 አንሴል ኪይስ የተባለ ተመራማሪ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል ምግብ ቀንሶባቸው ነበር። እነዚያ ጎልማሶችም የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብ ጀመሩ፣ ተነጫነጩ፣ ከሰው ራቁ፣ ስለ ምግብ ብቻ አለሙ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ንዴቷን የግል አላደረግሁትም፤ ረሃቡ ነው የሚናገረው።

ሥራ ቦታም ዓይኔ ተለውጧል። የማቅጠኛ እንክብል ይዛ ካሸር ጋ የምትቆም ታዳጊ ሳይ ዝም አልልም። ኒውዮርክ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ እነዚህን ከ18 ዓመት በታች ላለ እንዳይሸጡ ከልክላለች። የእኛም ስቴት ቢከተል ደስ ይለኛል።

አሁን የቀረን ሩጫው ነው። የወር አበባዋ ተመልሷል፣ ምቷም ተስተካክሏል፣ ምሳዋን ራሷ ታዘጋጃለች። ባለቤቴ ጭራሽ አትሩጥ ባይ ናት። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሩጫ ፍንጣሪውን ያበዛል፣ በቂ የሚበላ ሰውነት ይለምደውና መከላከያውን ያጠናክራል፣ በቂ የማይበላው ግን ይጎዳል፣ ስለዚህ ለሮጠችው ሁሉ ተጨማሪ መብላት አለባት። ልጄ እሺ ብላለች፣ ከልምምድ በፊትም በኋላም። ባለቤቴ አላመነቻትም። ልምምዱ ኦገስት ላይ ይጀመራል፣ ከዚያ በፊት ሐኪሟ ጋ ሦስታችንም እንቀርባለን።