የኋላ ወንበር

ጳጉሜ 2፣ ማታ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ድብርት ተጭኖኛል። ምክንያት የለውም። ጳጉሜ ነው ብዬ ልለፈው፤ አሮጌው ዓመት አልወጣ፣ አዲሱ አልገባ፣ ደመወዝ የለ። ሲከፋኝ እንደማደርገው ምሳ በልቼ ቱታዬን ለብሼ ወደ እሷ ወረድኩ። የኔዋ በመስኮት አየችኝና ዝም አለች። መቅናት ካቆመች ቆይታለች፤ አሁን አሁን ለእጄ መታጠቢያ ኦሞ አዘጋጅታ ነው የምትጠብቀኝ።

ሥራው የሩብ ሰዓት ነበር። ትናንት ቻርጅ ያስደረግኩትን ባትሪ መልሶ ማሰር፣ በቃ። ነገ ሩፋኤል ነው፤ ጋሽ ከ. ደግሞ «በዚያች በቮልስህ ካልሆነ አልሄድም» ብለዋል። ባትሪውን ታቅፌ በግቢው ሳልፍ የጎረቤታችን ልጅ «ያንተም ኤሌክትሪክ ሆነች እንዴ?» አለኝ። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች ሦስት ደርሰዋል፤ ልጁ መኪና ሲባል ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ነው የሚመስለው። አዎ አልኩት። ውሸትም አይደለም፤ ባለ ስድስት ቮልት ኤሌክትሪክ ናት። የፊት መብራቷ ጧፍ ያህል ቢሆንም ኤሌክትሪክ ኤሌክትሪክ ነው።

ቮልስ ላይ ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ሞተሩም፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖም ከኋላ ስለሆኑ ቦታው መጥፎ አይደለም። መጥፎው ከላዩ የሚቀመጠው ሰው ነው። የወንበሩ ሞላ ብረት ነው፤ ከባድ ሰው ሲያርፍበት ዝቅ ይልና የባትሪውን ሁለት ጫፍ ያገናኛል። ሞላው ይግላል። በሞላው ላይ የተነጠፈው ደግሞ የፈረስ ፀጉርና የኮኮናት ጭረት ነው፣ ለመለኮስ ምንም አይቀረው። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ባትሪውን ክዳን አድርጎለታል። የእሷ ክዳን እኔ ጋ ሳትመጣ ነው የጠፋው፣ እኔም ክዳን እንደሚያስፈልጋት አላውቅም ነበር።

ያወቅኩት ባለፈው ፋሲካ ነው። ከሾላ በግ ገዝተን ስንመለስ በጉ ከኋላ በግራ፣ የእህቴ ልጅ በቀኝ። መገናኛ ስንደርስ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተን። ሁላችንም ዞረን በጉን አየነው። በጉም እኛን አየን። መስኮት ከፈትን፣ ሽታው ባሰ፣ ቀጥሎ ጭስ መጣ፤ የእህቴ ልጅ በፊቱ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ሊወጣ ሲታገል እንኳ እኔ አሁንም በጉን ነበር የምጠረጥረው። ልጁ ዘጠና ኪሎ መሆኑን ያስታወስኩት ውሃ ከደፋንበት በኋላ ነው። እዚያው ሳምንት ከቢጫ የዘይት ጄሪካን ቆርጬ ክዳን ሠራሁላት። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

እንግዲህ ዛሬ መቀመጫውን አነሣሁ። ባትሪውን አስገባሁ፣ ገመዶቹን አሰርኩ። መሐል ላይ፣ የማርሹ ዘንግ በሚያልፍበት ጉብታ ላይ፣ የሻንሲ ቁጥሯ ተመትቷል። በጨርቅ ጠረግኩት። 117 ብሎ ይጀምራል፤ ሁለቱ አንዶች የመኪናው ዓይነት ናቸው፣ ሰባቷ ደግሞ ዓመቷ። የ67 ሞዴል ማለት ነው፣ በፈረንጅ። ይሄን ለማስረዳት ስንት ጊዜ ደክሜያለሁ። ለሽማግሌ «ስልሳ ሰባት ናት» ስል ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ያሳዩኛል፤ ቆይተው «የስልሳ ሰባቱ?» ይላሉ። አይ፣ በእኛ 59 ናት። ፊታቸው ግን አንዴ ተቀይሯል።

መቀመጫውን መለስኩና ሞላው እንዴት እንደሆነ ልሞክር ብዬ ወደ ኋላ ገባሁ። ስድስት ዓመት ይዣት ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። በር ሁለት ብቻ ነው ያላት፤ ከኋላ የሚገባ ሰው የፊቱ ወንበር ወደ መሪው እስኪታጠፍለት ይጠብቃል፣ ከዚያ ጎንበስ፣ አንድ እግር፣ ጭንቅላት፣ ሌላው እግር። ተቀመጥኩ። ጉልበቴ የፊቱን ወንበር ነካ፣ ጣሪያው ፀጉሬን ነካ። ከፊት ስትነዳት የምታውቃት መኪና አይደለችም። መስኮቱ አይወርድም፣ በሩ እጅህ አይደርስበትም። ሾፌሩ ካላወጣህ የትም አትወጣም።

ያኔ ነው የመጣብኝ። ጃንሆይን በቮልስ ወሰዷቸው ሲባል ሰምቶ ያላደገ የለም። መስከረም 2 ቀን 1967፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር፣ ከኋላ ወንበር። ልጅ ሆኜ ስሰማው ታሪኩ ስለ ውርደት ነበር፤ ሮልስ ሮይስ የለመዱ ንጉሥ በቮልስ። ዛሬ ግን ውስጧ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ሌላ ነው። የፊቱን ወንበር ማን አጠፈላቸው?

አንድ ሰው አጥፎታል። ሳይታጠፍ አይገባም። ወንበሩ ደግሞ ቀጥ ብለህ ቆመህ የሚታጠፍ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለህ፣ መደገፊያውን ይዘህ፣ ወደ ፊት ገፍተህ ነው። ያኔውኑ ወጥቼ ሞከርኩት። (የጎረቤታችን ልጅ አሁንም ይመለከተኝ ነበር።) በሩ ላይ ለቆመ ሰው አኳኋኑ እጅ መንሣት ነው፣ ሌላ ምንም አይመስልም። 44 ዓመት ሙሉ ሁሉ ሲያጎነብስላቸው ኖሮ ያ ሰው፣ ወታደር ይሁን ሾፌር፣ ከዙፋን ላወረዷቸው ንጉሥ ሳያስበው አንዴ አጎነበሰ። ከዚያ ተራው የእርሳቸው ሆነ። 82 ዓመታቸው ነበር። ጎንበስ ሳይል ቮልስ ከኋላ የገባ ሰው የለም።

የመኪናው ሙሉ ስም፣ ቮልስዋገን፣ በጀርመንኛ የሕዝብ መኪና ማለት መሆኑ ደግሞ አለ። ያን ጊዜ ይህን ያሰበበት ሰው ነበር ብዬ አላምንም፣ የቀረበውን መኪና ነው የያዙት። ግን ሰፊው ሕዝብ፣ ሰፊው ሕዝብ ሲባል ለኖረበት ዘመን ከዚህ ጠባብ መኪና ጋር መጀመሩ ያስቀኛል።

ደግሞ ሌላ ሐሳብ። ጃንሆይ ቀጭን፣ አነስ ያሉ ሰው ነበሩ። በቀኝ በኩል እንኳ ቢቀመጡ ሞላው ባትሪውን አይነካም። የእህቴ ልጅ ቢሆን ኖሮ አብዮቱ እስከ አራተኛ ክፍለ ጦር ሳይደርስ ይጨስ ነበር። (ይህን ለጋሽ ከ. አልናገርም። ለእርሳቸው ጃንሆይ ቀልድ አይደሉም።)

ኢዮቤልዩ ለጎብኚ ከተከፈተ ወዲህ የንጉሡ መኪኖች ፎቶ በየስልኩ ይዞራል፤ ተወልውለው፣ ኒኬላቸው እንደ መስታወት። ያቺ ቮልስስ? ቮልስ በዚህ ከተማ አትሞትም፣ ትበተናለች። የጎማ መሸፈኛዋ፣ ፓራፋንጎዋ፣ በብሎን ነው የሚታሰረው፣ አይበየድም፤ አሥር ብሎን ፈትተህ ለሌላዋ ትሰጣለህ። የእኔዋ ቀኝ ፓራፋንጎ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ነው፣ ኮፋኖዋ ከአንድ ጡረተኛ አስተማሪ ግቢ፣ አንዱ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ከየት እንደመጣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ባትላሜራውም መካኒኩም አይነግሩኝም። (ጀርመን ሠራት፣ ጣልያን አካሏን ሁሉ ስም አወጣላት፣ ሐበሻ ተካፈላት።) የኋላ መቀመጫዋም የራሷ አይደለም። ስገዛት የነበረው በበጉ ቀን ተቃጥሎ፣ ይሄኛውን ያገኘሁት ሶማሌ ተራ ከአንድ ክምር ሥር ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ ብዙም አልተቀመጡበት» አለኝ።

ብዙም አልተቀመጡበት።

ጨርቁን ዳሰስኩት። በቀኝ በኩል ስፌቱ ትንሽ ሰርጎድ ብሏል፣ በግራ ግን ደህና ነው። ከእሷ ዘር፣ በ2003 በፈረንጅ ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል፤ አዲስ አበባ የደረሱት ስንት ይሆናሉ፣ ከእነሱስ ስንቱ መቀመጫ እስከ ዛሬ ቆየ? ብዬ ስሌት ውስጥ ገባሁ። ሰርጎድ ያለውን ቦታ በመዳፌ ለካሁት። ለቀጭን ሰው የሚሆን ነው። ለማንኛውም ቀጭን ሰውም ይሆናል እኮ።

ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። መሸ። የኔዋ ጃንጥላ ይዛ መጣችና በተከፈተው በር አጎንብሳ አየችኝ።

«ምን ሆነህ ነው ጨለማ ውስጥ?»

«አንቺ አሁን አጎነበስሽ።»

«አዎ፣ አንተን ለማየት።»

«የፊቱን ወንበር እጠፊልኝ።»

አጠፈችልኝ። ወጣሁ። ራት ላይ ሁሉንም አወራሁላት፣ እጅ መንሣቱን፣ ስፌቱን፣ ቀጭን ሰውነታቸውን። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ «ታዲያ ባትሪው ታሰረ?» አለችኝ። ታስሯል አልኳት፣ ትንሽ ቅር ብሎኝ። እንዲህ ያለ ነገር ነግሬያት ስለ ባትሪ ትጠይቀኛለች። «ጋሽ ከ. ከኋላ ነው የምቀመጠው ብለዋል፣ እግሬን ልዘርጋ ብለው» አለችና ተኛች። ከኋላ እግር የሚዘረጋ መስሏቸዋል። ጋሽ ከ. መቶ አሥር ኪሎ ናቸው፤ ወደ ጉለሌ ዳገቱን ስንወጣ እንዴት እንደሚሆን ገና እያሰብኩት ነው። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈላት ሞተር በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሩብ ያህሉን ታጣለች፤ ሠላሳ ፈረስና አንድ ጋሽ ከ. በሁለተኛ ማርሽ።

አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ይህን የምጽፈው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው። ቡናዬን ጨርሼ ስኒውን ላነሣ ስል ጠረጴዛው ቢጫ ሆኖ ታየኝ። ስኒዬን ያስቀመጥኩበት ነገር ቢጫ ነው። ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ነው። ላዩ ላይ ግማሹ የተፋቀ «20 ሊትር» የሚል አለ።

ቀን ላጥበው ብዬ ይዤው የገባሁ መሰለኝ።

ዝናቡ አሁን ጀመረ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ይላሉ። ካቻቢቴውን ፈልጌ፣ በፒጃማ፣ በነጠላ ጫማ፣ ወጥቼ የፊቱን ወንበር ለራሴ ላጥፍ።