ራታን ታታን ሳስብ
ሕንዳዊው ባለሀብት ራታን ታታ በ86 ዓመታቸው ሙምባይ ውስጥ ካረፉ፣ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2024 መሆኑ ነው፣ ስለ እሳቸው መጻፍ ፈልጌ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ሀብታቸው አይደለም። በ1868 የተጀመረውን የቤተሰብ ንግድ ከ1991 እስከ 2012 መርተው፣ ጃጓርንና ላንድሮቨርን ሳይቀር ገዝተው፣ የዋናው ኩባንያ 66 በመቶ ገደማ ድርሻ ግን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ነው። ትርፉ ለትምህርትና ለሕክምና ይውላል። ይህን የጀመሩት የቀደሙት ታታዎች ናቸው፤ እሳቸው ጠበቁት።

አንድ ቤተሰብ ተደራርቦ በስኩተር ሲሄድ አይተው ናኖ የምትባለዋን ርካሽ መኪና አሠሩ። እውነቱን እናውራ ካልን ገበያው አልተቀበላትም። ሐሳቡ ግን ደስ ይለኛል።

እና ደግሞ ውሾቹ! ዋናው መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ለጎዳና ውሾች የራሳቸው ክፍል አላቸው።