«ስትሄድ 10 ሰዓት፣ ስትመለስ 20?»

የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት የእናቱን የዋሽንግተን ትኬት ይዞ መጣ። ፊቱ ተቋጥሯል። «ስትሄድ 10 ሰዓት ይፈጅባታል፣ ስትመለስ 20 ሰዓት ተኩል! ስኳር አለባት እኮ፤ እንዴት ትችለዋለች? መመለሻውን ቀይሩልኝ» አለ።

ትኬቱን አየሁት። ከቦሌ 22:30 ተነስተው የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ የሚደርሱት በማግሥቱ 08:30 ነው። ሲመለሱ ደግሞ ከደለስ 11:00 ተነስተው ቦሌ የሚገቡት በማግሥቱ 07:30። ልጁ መነሻውን ከመድረሻው ቀንሶ ነው የመጣው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን የየከተማው ሰዓት ነው። በእኛ ክረምት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት በ8።

ወረቀት አውጥተን አብረን አሰላነው። መሄጃው ላይ 7 ስንደምር 17 ሰዓት ሆነ። መመለሻው ላይ 7 ስንቀንስ 13 ሰዓት ተኩል።

«መንገዱ አንድ አይደል እንዴ?» አለኝ።

አንድ ነው፤ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር። ግን ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም እንደ ቆላ አገር አያነሱም። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ጨምሮ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ለዓመታት የሚቀዳው አየርላንድ፣ ደብሊን ነበር። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሲነሳ የሚበቃውን ነዳጅ ይዞ በቀጥታ ይመጣል። በዚያ ላይ ሰማይ ላይ ያለው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ሲሄዱ ይቃወማል፣ ሲመለሱ ያግዛል።

ልጁ ትንሽ አሰበና «ኢንሱሊኗን እኮ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ልንከተው ነበር። 10 ሰዓት ብቻ መስሎን» አለ።

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ኢንሱሊን ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ አይገባም። ብርዱ ሊያበላሸው ይችላል፣ ሻንጣም ይዘገያል። መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳ፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር እንድትይዝ ነገርኩት። በ17 ሰዓት ውስጥ መቼ እንደምትወጋና ምን እንደምትበላም ሐኪሟን ቀድሞ እንዲጠይቅ።

ሌላም ነገር አሳሰበኝ። እናት ብቻቸውን ነው የሚሄዱት፤ እንግሊዝኛ አይችሉም። አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲያርፍ የደረሱ መስሏቸው ቦርሳቸውን ሊያወርዱ ይችላሉ። ወረቀት ሰጠሁት። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እማዬ፣ መጀመሪያ ሲያርፍ አልደረስሽም። ነዳጅ ሊቀዳ ነው፤ ከወንበርሽ አትነሺ።»

ዋጋና ቀን ብቻ ተናግሮ ትኬት መስጠት በቂ አይመስለኝም፤ በተለይ ለእናትና ለአባት ሲሆን። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ትኬት ስሰጥ እውነተኛውን የጉዞ ሰዓትና መንገድ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በእጄ ጽፌ አያይዛለሁ፤ መድኃኒት እንዳለም እጠይቃለሁ።