ስቱዲዮውና መድረኩ

ዛሬ ከሜክሲኮ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ቆሜ ነው የመጣሁት። መንገዱ ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ግን ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት፤ መንገዱን ሙሉ የእንግሊዙ ኩዊን ባንድ ዘፋኝ የፍሬዲ መርኩሪን የስቱዲዮና የመድረክ ድምፅ ሳወዳድር ነበራ!

መጀመሪያ በፈረንጆቹ 1975 የወጣውን ቦሄሚያን ራፕሶዲ የሚለውን ዘፈናቸውን ሰማሁ። መሃል ላይ ያለው ያ ሁሉ መዘምራን እኮ ሦስት ሰው ነው፣ ፍሬዲና የባንዱ ጓደኞቹ ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር፣ ድምፃቸውን ደጋግመው እየቀዱ እየደራረቡት ነው እንደዛ ያደረጉት። መድረክ ላይ የማይቻል ነገር ስለሆነ ያን ክፍል በቴፕ ነበር የሚያጫውቱት።

ከዛ የ1985ቱን ላይቭ ኤይድ ከፈትኩ። በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 መሆኑ ነው፣ ለእኛው ሀገር ረሃብ እርዳታ የተዘጋጀው ኮንሰርት። ይሄን ሳስብ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

እዚህ ድምፁ ሻከር ይላል። ፍሬዲ ስቱዲዮ ውስጥ የሚወጣቸውን አንዳንድ ከፍ ያሉ ኖታዎች መድረክ ላይ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያልፋቸው። ይሄን እንደ ድክመት የሚቆጥሩ አሉ፣ እኔ ግን በፍፁም አልስማማም። ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ፊት ቆሞ «ኤ-ኦ» ሲል፣ ሕዝቡም ተቀብሎ ሲመልስለት፣ ያን ረጅሙን ሲጎትተው፣ ምን ስቱዲዮ ይሄን ይሰጣል? ለእኔ መድረኩ ይበልጣል።

ቤት ስገባ መብራት የለም። ስልኬ 9 ፐርሰንት ቀርቶታል። በጨለማ ቁጭ ብለን ያቺን «ኤ-ኦ» ለእህቴ አሰማኋት። «እስቲ ድገመው» አለችኝ።