የአባዬ ካራ አፎት፣ ከፍሳሽ ቱቦ

አባዬ በዓል በመጣ ቁጥር ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ እየዞረ ለጎረቤት በግ የሚያርድ ሰው ነው። ካራዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ዘንቢል ውስጥ ይከታቸዋል። ለፋሲካ ዋዜማ ታናሽ ወንድሜ ሞረዱን ሊያወጣ እጁን ሲሰድ የካራው ጫፍ ጨርቁን በስቶ መዳፉን ሰነጠቀው። አራት ቦታ ተሰፋ። ያን ቀን ለእነዚህ ካራዎች አፎት ሳልሠራ አልተኛም አልኩ።

መጀመሪያ ከቀፊራ ገበያ የቆዳ አፎት ገዛሁ። ያምራል፣ ለእርድ ግን አይሆንም። ካራው ታጥቦ እርጥብ እንደሆነ ሲገባ ቆዳው እርጥበቱን ይዞ ያድራል፣ ጠዋት ስለቱ ላይ ዝገት ታገኛላችሁ። የሚታጠብ ነገር ያስፈልግ ነበር።

ውጭ አገር ቢላዋ የሚሠሩ ሰዎች ካይዴክስ የሚባል ፕላስቲክ ይወዳሉ። ሮም ኤንድ ሃስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው፣ አክሪሊክ የተባለ ፕላስቲክና የፍሳሽ ቱቦ የሚሠራበት ፒቪሲ የተዋሃዱበት፣ በመጀመሪያ ለአውሮፕላን ውስጥ የታሰበ ነው። ድሬ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ፒቪሲ ራሱ የሌለበት የግንባታ ዕቃ መሸጫ ግን የለም።

ባለ 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ ይበቃል። በቁመቱ በብረት መጋዝ ሰንጥቃችሁ፣ አሙቃችሁ በሁለት ጣውላ መሃል ስትጫኑት 34 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ይወጣችኋል።

ማሞቁ ላይ ተጠንቀቁ። መጀመሪያ ከሰል ላይ ሞከርኩ፤ አንዱ ጎን ሳይለሰልስ ሌላው ቡናማ ሆነና ጨሰ። ፒቪሲ ሲቃጠል የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይወጣዋል፣ ጉሮሮዬ ሁለት ቀን አቃጠለኝ። አሁን እማዬ የጣለችውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ግቢ አውጥቼ አግለዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ፕላስቲኩን አስቀምጬ እያገላበጥኩ እንደ ቆዳ እስኪተጣጠፍ እጠብቃለሁ። እዚያ ምጣድ ላይ ዳግመኛ እንጀራ አይጋገርም።

ካራውን አስቀድማችሁ በወረቀት ስኮች ሁለት ዙር ጠቅልሉት፤ በኋላ ሲወጣና ሲገባ ስለቱን የማይፍቅ ትንሽ ክፍተት የሚፈጥረው እሱ ነው። ከዚያ ጓንት አድርጋችሁ የለሰለሰውን ፕላስቲክ ከጀርባው በኩል እጠፉበት፣ ከእጀታውም ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ይሸፍን። የአባዬ ካራ እጀታው ከፊት በኩል ወፈር ስለሚል ይዞ የሚያስቀረው እዚያ ጋ ነው፣ ይህን ቦታ ከሳታችሁት አፎቱ ሲገለበጥ ካራው ይወድቃል። የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ በሁለቱም በኩል አድርጋችሁ በሞርሳ (ጨምቆ በሚይዝ የብረት መሣሪያ) እሰሩት። አሥር ደቂቃ አትንኩት። ቀን ላይ የድሬ አየር አያቀዘቅዝም፣ ጠዋት በጊዜ ሥሩት።

ሲደርቅ በስለቱ በኩል አንድ ሳንቲሜትር ትርፍ ትታችሁ ቁረጡ፣ ትርፉን በሪቬት (በሚደፈጠጥ የብረት ማያያዣ) አያይዙት፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ጫፉ ላይ ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ ብሱ። ይህን ቀዳዳ የረሳ ሰው ከቆዳው አልተሻለም።

የመጀመሪያውን እማዬ ከእርድ በኋላ ደሙ እንዲለቅ ብላ በፈላ ውሃ አጠበችው፣ አፉ ተከፈተ። ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፣ ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ብቻ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት። ደግነቱ አልተበላሸም። መልሼ አሞቅሁት፣ መልሼ አሰርኩት፣ ያዘ።

አባዬ ሲቀበለኝ ገልብጦ ሦስት ጊዜ አራገፈው። ካራው አልወጣም። ጎትቶ ሲያወጣው፣ መልሶ ሲከተው «ቀጭ» አለ። ጨርቁን ከዘንቢሉ አውጥቶ ለወንድሜ ሰጠው።